የገጾቹን ኢምፖርት ለቪት ስጪው፣ ሌላውን እንደነበረ ተዪው

ሰላም እህቴ። «ከ40 በላይ ገጽ ያለው የሪአክት ሥራ አለኝ። ገጽ በጨመርኩ ቁጥር ኢምፖርት (ሌላ ፋይል የሚያስገባውን መስመር) በእጅ መጻፍ ሰለቸኝ፤ ፎልደሩን አንብቦ በራሱ የሚጽፍልኝ ስክሪፕት ልሥራ ወይ?» ብለሻል። እኔ ሠርቼው አይቻለሁ። ይቅርብሽ።

እዚህ ጎንደር ለጥምቀት እንግዶች የማደሪያ ማስያዣ ሳይት እየሠራን ነበር። በኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ በሚያስኬደው) አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ። ፎልደሩን አንብቦ ሁሉንም በአንድ ኢንዴክስ ፋይል ውስጥ በፊደል ተራ ይደረድራል። መጀመሪያ ላይ በጣም ተመቸን። ኋላ ግን እዚያው ፎልደር ያሉት ፋይሎችም የሚፈልጉትን በኢንዴክሱ በኩል መጠየቅ ጀመሩ። የክፍል ካርዱ ገና ሲጫን የዋጋ ሠንጠረዡን ከኢንዴክሱ ያነባል። ኢንዴክሱ ደግሞ ካርዱን ሳይጨርስ ሠንጠረዡ ጋ አይደርስም። ዞሮ ዞሮ ገጹ ነጭ ሆነ። የአንዱን ፋይል ስም ስንቀይር ተራው ስለሚለወጥ ስህተቱ ይጠፋል፣ ሌላ ቦታ ይወጣል። ጥር 9 ሌሊቱን ፒያሳ ቢሮ ውስጥ ይህን ስናሳድድ አነጋን። እንግዳው ከተማ ገብቷል፣ ሳይቱ አይከፈትም። እስካሁን ሳስበው ይከነክነኛል።

ቪት (ኮዱን ለብራውዘር የሚያዘጋጀውን መሣሪያ) የምትጠቀሚ ከሆነ ኢምፖርት ሜታ ግሎብ (import.meta.glob) የሚባለውን ያዢ። የገጾቹን ፎልደር መንገድ በኮከብ ምልክት ትሰጪዋለሽ፤ ፋይሎቹን ራሱ ያገኛቸዋል። የሚመልስልሽ ኦብጀክት ነው። ቁልፉ የፋይሉ መንገድ ነው፤ ከእሱ ጋር ያለው ደግሞ ስትጠሪው ፋይሉን የሚያመጣ ፈንክሽን። ፈንክሽኑን ገጹን ሲፈለግ ብቻ ለሚጭነው ለሪአክት ሌዚ ስጪው፣ ከቁልፉ ላይ ሩቱን (የገጹን አድራሻ) አውጪ፣ ገጹን ደግሞ እስኪመጣ ድረስ ሌላ ነገር በሚያሳየው ሰስፔንስ ውስጥ ክተቺው። ከዚያ በኋላ አዲስ ገጽ ማለት አዲስ ፋይል ማለት ብቻ ነው።

መንገዱን ግን በቀጥታ ጻፊው፤ ቫሪያብል አይቀበልም። ኮዱ ብራውዘር ጋ ከመድረሱ በፊት ይህ መስመር በፋይሎቹ ዝርዝር ስለሚተካ ነው። ሁሉንም ፋይል ወዲያው የሚጭነውን ኢገር የሚለውን ኦፕሽን ትሩ አታድርጊው። እኛ አድርገነው ማንም ገና ያልከፈተው የካርታ ገጽ ከነላይብረሪው ከመጀመሪያው ገጽ ጋር አብሮ ይወርድ ነበር። በሞባይል ዳታ ለሚከፍት ሰው ይህ ግፍ ነው።

እንደ ቪት ያለውን ሌላውን መሣሪያ፣ ዌብፓክን፣ የምትጠቀሚ ከሆነ ሪኳየር ኮንቴክስት (require.context) ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ሞዱን ግን ሌዚ አድርጊው፣ አለዚያ ሁሉንም አብሮ ይጭናል።

በተኑን፣ ፎርሙን፣ የራስሽን ፈንክሽኖች ግን ለዚህ አትስጪ። ቪኤስ ኮድ ላይ ስሙን ጀምረሽ ከሚመጣው ዝርዝር ስትመርጪ ኢምፖርቱን ከላይ ይጨምርልሻል፣ ይበቃል። ነገ ሥራውን የሚረከብሽ ልጅ እያንዳንዱ ነገር ከየት እንደመጣ ፋይሉ ራስ ላይ ማንበብ አለበት።

የፋይል ስሞችሽን በሙሉ በስሞል ሌተር አድርጊ። ዊንዶውስ ካፒታልና ስሞል አይለይም፣ ሊኑክስ ሰርቨር ይለያል። ላፕቶፕሽ ላይ የሚሠራው ሰርቨር ላይ አልገኝ ይልሻል።

መጀመሪያ ሦስት አራት ገጽ ለይተሽ ሞክሪው። ካልሄደልሽ የሩቱን ፋይል እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።