ክምሩ ለምን አልሞቀም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ከሐይቁ ዳር የወጣ እምቦጭ ከጤፍ ጭድ ጋር በስብሶ ማዳበሪያ (ኮምፖስት) እንዲሆነኝ ጓሮዬ ከምሬ ሦስት ሳምንት አለፈው። ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ነው። አልሞቅ አለ፤ ይባስ ብሎ ይሸታል። ምን ጎደለው?

መልስ፦ ሽታው ራሱ ይናገራል፤ ውሃ በዝቶ አየር አጥሯል። እምቦጭ አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ስለሆነ እርጥቡን ከከመሩት ይላቁጣል። ክምሩን ያፍርሱት። እምቦጩን ጣት በሚያህል ልክ ቆራርጠው ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ያጠውልጉት። ከሥር የበቆሎ አገዳ ያንጥፉ፣ አየር ያስገባል። በላዩ ሁለት ቅርጫት ጭድ፣ ሁለት ቅርጫት የጠወለገ እምቦጭ፣ አንድ ቅርጫት ትኩስ እበት እያሉ ይደርድሩ። ቁመቱም ወርዱም ከ1 ሜትር አይነስ፤ ትንሽ ክምር ቀን የፈጠረውን ሙቀት ሌሊት ያጣዋል።

አንድ ጭብጥ ይዘው ሲጨምቁት በጣቶችዎ መሃል አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ብቅ ካለ እርጥበቱ ልክ ነው። ከፈሰሰ ጭድ ይጨምሩ። ክረምት ላይ ላስቲክ ያልብሱት።

ከሦስት ቀን በኋላ መሃሉ ላይ ብረት ሰክተው ከ10 ደቂቃ በኋላ ይንኩት። ይዞ መቆየት ካቃተዎ ሙቀቱ 50 ዲግሪ ገደማ ደርሷል። መብረድ ሲጀምር ዳሩን ወደ መሃል እያስገቡ ያገላብጡት።

አደራ፣ ያበበ እምቦጭ አይጨምሩ፤ ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል።