ከብቱ የተነዳው በማን ስም ነው?

ጥያቄ፦ ጋምቤላ ክልል በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። አንዲት የኑዌር እናት ልጇን ለ14ኛ ሳምንት ክትባት አምጥታ የአባቱን ስም አስመዘገበች። በኋላ ሰውየው ከሞተ 6 ዓመት እንዳለፈው ሰማሁ። ዋሸሽኝ ብዬ ተቆጣኋት። አማቷ ግን ዓይን ዓይኔን እያዩ «የልጄ ልጅ ነው» አሉኝ። ካርዱ ላይ ምን ልጻፍ?

መልስ፦ እህቴ፣ አልዋሸችሽም። የሰጠችሽን ስም ጻፊ።

በኑዌር ልጅ የሚቆጠረው የጥሎሹ ከብት በስሙ ለተነዳለት ሰው ነው። አንድ ሰው ወንድ ልጅ ሳይኖረው ቢሞት፣ ስሙ እንዳይጠፋ ወንድሙ ወይም የቅርብ ዘመዱ በሟቹ ስም ያገባል። ከሴትዮዋ ጋር የሚኖረው ወንድምየው ነው። ልጆቹ የሟቹ ናቸው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኑዌሮች ዘንድ ተቀምጦ ይህንን በዝርዝር መዝግቧል።

እኔን ያስጨነቀኝ የወንድምየው ነገር ነው። ከብቱን ለሟቹ ሲያወጣ ለራሱ ማግቢያ ሊያጣ ይችላል። እሱም ወንድ ልጅ ሳይኖረው ከሞተ፣ ሌላ ዘመድ ደግሞ በእሱ ስም ያገባለታል። ይህን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ስለ ወንድሞቼ ሳስብ አደርኩ።

ለጥናት እዚያው ጋምቤላ ክልል ኢታንግ ሳለሁ ደግሞ አንዲት መካን እናት አውቅ ነበር። የዘመድ ሴት ልጆች ሲዳሩ የደረሳቸውን ከብት አጠራቅመው ራሳቸው ሚስት አገቡ። ልጅ የሚያስወልድላቸው ወንድ ፈለጉ። ልጆቹ የሚጠሩት በእሳቸው ስም ነው፤ «አባቴ» ይሏቸዋል። የመጀመሪያዋ ልጅ ስትዳር ከጥሎሹ ለአባት የሚደርሰውን ከብት የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ላስወለደው ሰውም አንዲት ላም ደረሰችው። ሥጋው ተረስቶ አልቀረም ማለት ነው፤ አባትነት ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ በዘር ስለሚተላለፍ በሽታ መጠየቅ ካለብሽ ጥያቄሽን ለይው። እናትየዋን ብቻዋን አድርገሽ፣ በአስተርጓሚ፣ «ያስወለደው ማነው?» በያት። ሳታፍር ትነግርሻለች ብዬ አምናለሁ። መልሱን በሕክምና መዝገቡ ላይ ያዢው እንጂ በአባት ስም ቦታ አታስገቢው።

ልጁን በ9 ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ሲያመጡት እናትየዋንም አማቷንም ይቅርታ ጠይቂልኝ። የልጁን አባት ስም ጠርተሽ ተቀበያቸው።