መልስ፦ የማንሃተን ኮ-ኦፕ ቤት ለምን ረከሰ?

እህቴ፣ አፐር ዌስት ሳይድ ላይ ያየሽው ባለ አንድ መኝታ ኮ-ኦፕ ጎኑ ካለው ኮንዶ ለምን እንደረከሰ ጠይቀሻል። በኮ-ኦፕ ቤቱን ራሱን አትገዢም። የምትገዢው የሕንፃውን ባለቤት ድርጅት አክሲዮን ነው። ከሱ ጋር ቤቱ ውስጥ የመኖር መብት የሚሰጥ ውል ትፈርሚያለሽ። የአገራችንን ኮንዶሚኒየም እያሰብሽ ከሄድሽ ትደናገሪያለሽ።

የሚረክሰው ብዙ ገዢ የሚያሸሹ ግዴታዎች ስላሉበት ነው። ከሁሉ ከባዱ ቦርዱ ነው፤ ማለትም ነዋሪዎቹ የመረጡት፣ ሕንፃውን የሚያስተዳድረውና ገዢን የሚያጸድቀው ቡድን። የሻጩ እሺታ ብቻ አይበቃም። እኔ ሳመለክት የታክስ ወረቀት፣ የባንክ መግለጫ፣ የአሠሪ ደብዳቤ፣ የወዳጆች የምስክርነት ደብዳቤ ሳይቀር አስገብቻለሁ። ዶሴው እንደ መጽሐፍ ወፍሮ ነበር። ከዚያ ነገ ጎረቤቶቼ የሚሆኑ ሰዎች ፊት ተቀምጬ ስለ ገቢዬ ተጠየቅኩ። እጄ በላብ ረጥቦ ነበር፣ አልዋሽሽም። ቦርዱ ግን ገዢን በዘር ወይም በትውልድ አገር መከልከል በሕግ አይችልም።

ብዙ ሕንፃዎች ከዋጋው ቢያንስ 20 ከመቶ ቅድመ ክፍያ ይፈልጋሉ። ወርኃዊው ክፍያም ይከብዳል፤ የንብረት ግብሩና የሕንፃው የራሱ የባንክ ዕዳ እዚያው ውስጥ ነው። ዋጋው 1 ሚሊዮን ዶላር ከሞላ ደግሞ ገዢው ቢያንስ 1 ከመቶ ታክስ አለበት።

አከራይቼው አገር ቤት እመላለሳለሁ ያልሽው ግን አሳስቦኛል። ብዙዎቹ ማከራየትን ይገድባሉ፣ ጭራሽ የሚከለክሉም አሉ። ሳትፈርሚ ጠበቃሽ የሕንፃውን የሂሳብ ሪፖርትና የቦርዱን ቃለ ጉባኤ ያንብብልሽ። መሬቱ የሕንፃው ድርጅት ነው ወይስ ከሌላ ባለቤት በሊዝ የተያዘ? የሊዝ ከሆነ እኔ ብሆን እተወዋለሁ።