ፋሲል ግንብ ግጥሜ ውስጥ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ አዘዞ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ ሰፈራችን ወደተጀመረው የግጥም ወርክሾፕ እሄዳለሁ። አስተባባሪው ርዕስ ይሰጠንና «ሩብ ሰዓት አላችሁ፣ ጻፉ» ይለናል። ከዚያ በየተራ እናነባለን፤ ለሁሉም ይጨበጨባል። ባለፈው ርዕሱ «እጅ» ሲሆን እናቴ ትዝ አለችኝ። ቅዳሜ ገበያ ጤፍ ትቸረችር ነበር። ስትሰፍር አውራ ጣቷን ወደ ጣሳው ውስጥ ሰደድ ታደርጋለች፤ ትንሽ እንዲተርፋት ነው። የጻፍኩት ግን ይሄን ነው፦

እናቴ ስትሰፍር ጤፏን በዚያ ጣሳ፣
የፋሲል ግንብ ታየኝ ከታሪክ ሲነሳ።

ተጨበጨበልኝ፤ እኔን ግን ደስ አላለኝም። ምኑ ነው የጎደለው? ደግሞስ የእናትን ገበና ሰው ፊት ማንበብ ነውር አይሆንም?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ጆሮሽ ደህና ነው። ስንኞችሽ የወል ቤት የሚባለው ምት ናቸው፤ ስድስት ስድስት ድምፅ ሆነው ልክ መሃል ላይ ይሰበራሉ። ይሄን ሳታውቂው ከሆነ ያደረግሽው፣ እሰየው። ፊደሉን ሳይሆን ድምፁን ቁጠሪ። «ስትሰፍር» ሲጻፍ አምስት ፊደል ነው፣ አፍ ላይ ግን ሦስት ነው። ጠረጴዛውን በጣትሽ መታ መታ እያደረግሽ ብትይው ይገባሻል።

ችግሩ ሁለተኛው ስንኝ ነው። «ጣሳ» ካልሽ በኋላ ቤት የሚመታልሽ ቃል ፍለጋ ስትሮጪ «ሲነሳ» ቀድሞ ደረሰልሽ፣ እሱ ደግሞ ግንቡን ጎትቶ አመጣው። ጎንደር ውስጥ ይሄ ያልደረሰበት ገጣሚ የለም። ፋሲል ግንብ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ አንቺ ደግመሽ ባትመዘግቢው ቅር አይለውም። ያቺ አውራ ጣት ግን እስካሁን የመዘገባት የለም። ለእኔ ጽፈሽልኛል፣ ግጥምሽ ውስጥ ግን የለችም! እኔ ብሆን እንዲህ እሞክር ነበር፦

እናቴ ስትሰፍር ጤፏን በዚያ ጣሳ፣
ባውራ ጣቷ ልክ ነው የልጆቿ ምሳ።

ይሄን ግን እንዳትወስጂው፤ የራስሽን ፈልጊ። በሩብ ሰዓት ግጥም ልጨርስ ብለሽም አትጨነቂ። መጀመሪያ ያየሽውን ዝም ብለሽ በዝርው፣ ያለ ስንኝ ጻፊ፦ ጣሳው ዝጎ ነበር ወይ? ገዢዋ ነቅታባት ታውቃለች? ነቅታባት ከሆነ ምን አለቻት? ቤት የሚመታው ቃል ከዚያ ውስጥ ይወጣል። ካልወጣም ለጊዜው ቤት ሳይመታ ይቆይ።

ስለ ጭብጨባው፦ እዚሁ ከተማችን የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን፣ ማለትም የፈጠረውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ሲቀርብ ማንም አያጨበጭብለትም። መምህሩ ይሰማል፣ የተወላገደውን ያቃናል፣ ወይም መልሶ ይሰደዋል። ከጓደኞችሽ አንዷን ለብቻዋ ያዢና «የቱ ጋ ነው የደከመው?» ብለሽ ጠይቂያት። «ሁሉም አሪፍ ነው» ካለችሽ ሌላ ሰው ፈልጊ።

ስለ ነውሩ እኔ መፍረድ አልችልም፣ ጣቱ የእናትሽ ነው። ግጥሙ ሲያልቅ መጀመሪያ ለእሳቸው አንብቢላቸው። ከሳቁ ቅዳሜ ይዘሽው ሂጂ፤ ፊታቸው ከጠቆረ ደብተርሽ ውስጥ ይቆይና ስለ ሌላ እጅ ጻፊ።