የሊኑክስ ስብስባችን ለምን ተበተነ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። በደሴ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነኝ። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን፣ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት በቤቴ መጠቀም ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ዓመት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሆነን የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር (የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም) ወዳጆች በወር አንድ ጊዜ የሚገናኙበት ስብስብ ጀምረን ነበር። በመጀመሪያው ቀን 23 ሰዎች መጡ፤ እኔም ስለ ሊኑክስ ታሪክና ስለ ፈቃድ ዓይነቶች በፕሮጀክተር እያሳየሁ ለሁለት ሰዓት ገለጻ አደረግሁ። በሁለተኛው ወር 11፣ በአራተኛው 3 ሰዎች ብቻ ተገኙ። አዳራሽ የምለምነው፣ ሰው የምጠራው፣ ሻይ የምገዛው እኔ ስለነበርኩ በመጨረሻ ደክሞኝ ተውኩት። አሁን ተማሪዎቼ እንደገና እንድንጀምር እየወተወቱኝ ነው። የተሳሳትነው ምን ላይ ነው? ቢሮና በጀትስ ያስፈልገናል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ በመጀመሪያው ቀን 23 ሰዎች መምጣታቸው በከተማዎ ፍላጎቱ መኖሩን ስለሚያሳይ፣ ችግሩ የሰው እጥረት ነው ብዬ አላምንም። ስብስቡን የጎዱት ሁለት ነገሮች ይመስሉኛል፤ የመጡት ሰዎች አዳማጭ ብቻ ሆነው መቀመጣቸውና ሥራው ሁሉ በእርስዎ ጫንቃ ላይ መውደቁ።

ስለ መጀመሪያው አንድ የቆየ ምሳሌ ላንሣ። እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1975 በካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ በተባለች ከተማ፣ በጎርደን ፍሬንች የመኪና ጋራዥ ውስጥ 30 የሚያህሉ ሰዎች ተሰበሰቡ። ያገናኛቸው አልቴር 8800 የተባለው፣ ገዢው ራሱ ሊገጣጥመው የሚችል ኮምፒውተር ነበር። ሆምብሩ ኮምፒውተር ክለብ የተባለው ይህ ስብስብ ቆይቶ ወደ ትልቅ አዳራሽ ሲዛወር፣ መድረኩን ይመራ የነበረው ሊ ፌልሰንስታይን ጊዜውን በሁለት ከፈለው። በመጀመሪያው ክፍል የፈለገ ሰው ተነሥቶ ምን እንደሠራ፣ ምን እንደቸገረው፣ ምን እንደሚፈልግ በአጭሩ ይናገራል፤ በሁለተኛው ክፍል ሁሉም ከወንበሩ ተነሥቶ ጉዳዩ ወደሚገናኘው ሰው ይሄዳል። ከአፕል ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ዎዝኒያክ አፕል 1 የተባለውን ኮምፒውተር እየሠራ ያሳይ የነበረው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ክለቡ እስከ 1986 ድረስ መዝለቁ አያስደንቀኝም፤ ሰው የራሱን ጉዳይ ይዞ የሚመጣበት ቦታ ነበርና።

ስለዚህ ገለጻውን ወደ 15 ደቂቃ ያሳጥሩት፤ ከዚያ ሁሉም በየተራ ስሙንና የመጣበትን ጉዳይ ይናገር፤ የቀረው ጊዜ ሁሉ ላፕቶፕ ተከፍቶ የሚሠራበት ይሁን። አንዱ ፕሪንተሩ አልሠራ ብሎት ይመጣል፤ ሌላዋ አማርኛ መጻፍ አቅቷት ትመጣለች፤ ይህኛው አይባስ በተባለው የአጻጻፍ መምረጫ ፕሮግራም ውስጥ፣ ኤም 17 ኤን ከተባለው ስብስብ የአማርኛውን አጻጻፍ ስልት በመጨመር በደቂቃዎች የሚፈታ ነው። ብዙዎች ደግሞ በአሁኑ ጊዜ የሚመጡበት ምክንያት አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በብዙ የቆዩ ማሽኖች ውስጥ የሌለ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። ማሽኑ ግን ገና ይሠራል። በትምህርት ቤትዎ ቤተ ሙከራ እንዲህ ያሉ ኮምፒውተሮች ካሉ፣ በርእሰ መምህሩ ፈቃድ ከእነርሱ አንዱን ሊኑክስ ጭኖ ወደ ሥራ መመለስ ለመጀመሪያው ቀን ከየትኛውም ገለጻ የተሻለ መርሐ ግብር ነው።

በዚህ ሥራ ላይ አንድ ደንብ አጥብቀው ይያዙ፤ ኪቦርዱ ከኮምፒውተሩ ባለቤት እጅ አይውጣ። ሊኑክስን የሚያውቅ ሰው የጀማሪውን ላፕቶፕ ወደ ራሱ ስቦ፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ተርሚናል ከፍቶ፣ አሥር ትእዛዝ በፍጥነት ጽፎ ሲመልስለት ችግሩ ይፈታል፤ ጀማሪው ግን ምንም ሳይማር፣ ከዚያም በላይ እንደማይችል ተሰምቶት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በተለይ ሴት ተማሪዎች ላይ ሲደጋገም አይቼ አዝኛለሁ። አጋዡ ከጎን ተቀምጦ በቃል ይምራ፤ «ይህንንማ ራስህ ፈልገህ አንብብ» የሚል መልስም በአዳራሹ ውስጥ አይሰማ።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ስመጣ፣ እርስዎ ስብስቡን ያካሄዱት በደቦ ሥርዓት ነው። ደቦ የሚጠራው ባለጉዳዩ ነው፤ እንጀራውንና ጠላውን የሚያቀርበውም እርሱ ነው፤ የመጣው ሰው ረድቶ፣ በልቶና ጠጥቶ ይመለሳል። ለአንድ ቀን አጨዳ ይህ መልካም ነው። በየወሩ የሚደጋገም ነገር ግን ወንፈል ይፈልጋል፤ ዛሬ የአንዱ ማሳ ታርሞ ነገ የሌላው ይታረማል፣ የተቀበሉት ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። ባለፈው ወር ዋይፋዩ የተስተካከለለት ሰው በዚህ ወር አዲስ መጪዎችን ተቀብሎ ያስቀምጥ፤ ቁልፍ ተቀብሎ አዳራሹን የሚከፍተው፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ የሚያመጣው፣ አጭሩን ገለጻ የሚያቀርበው በተራ ይሁን፤ የሚቀጥለው ወር ተረኞችም ሰው ሳይበተን በፊት ይታወቁ። ቀኑም አይለዋወጥ። በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ከተባለ፣ ሦስት ወር የቀረ ሰው እንኳ ማንንም ሳይጠይቅ መመለስ ይችላል። በአንዱ ወር እርስዎ በሕመም ወይም በፈተና እርማት ምክንያት ቢቀሩና ስብስቡ ያለ እርስዎ ቢካሄድ፣ ያን ጊዜ ስብስቡ በራሱ እግር ቆሟል ማለት ነው።

የኢንተርኔት ወጪ አሳሳቢ መሆኑን ስለማውቅ በዚህ ላይ ጥቂት ልጨምር። የሊኑክስ ሚንት የመጫኛ ፋይል 3 ጊጋባይት የሚጠጋ ነው፤ ሃያ ሰዎች በየግላቸው ቢያወርዱት ብክነት ነው። አንድ ሰው አውርዶ፣ ፋይሉ አለመበላሸቱን ለማረጋገጥ ሻ 256 የተባለውን መለያ ቁጥሩን አዘጋጆቹ ካወጡት ጋር አመሳክሮ፣ በፍላሽ ለሁሉም ያድል። ኮፒ ማድረጉ ሕጋዊ መሆኑንም ለተማሪዎችዎ ይንገሯቸው፤ ሊኑክስ የሚሰራጭበት ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ ሰው ፕሮግራሙን ገልብጦ ለሌላው እንዲሰጥ በግልጽ ይፈቅዳል። ከተጫነ በኋላ ለሚመጣው ማሻሻያ ደግሞ አፕት ካሸር ኤንጂ የተባለውን ፕሮግራም በአንድ ላፕቶፕ ላይ ይጫኑ። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች በዚያ በኩል እንዲያልፉ ከተደረገ፣ የመጀመሪያው ሰው ያወረደው ጥቅል እዚያ ይቀመጥና የቀሩት በአዳራሹ ዋይፋይ ያገኙታል፤ ከኢንተርኔት የሚወርደው አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል።

ቢሮ አያስፈልግዎትም። በትምህርት ቤት ወይም በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በኃላፊው ፈቃድ አንድ ክፍል ማግኘት ይበቃል፤ ለሻይም ሁሉም የየራሱን ይክፈል።

ጥያቄ፦ በጀርመን ኮሎኝ የምኖር ነርስ ነኝ። ፕሮግራም መጻፍ አልችልም፤ ነገር ግን በኮምፒውተሬ ላይ ዩቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነትና ሊብሬ ኦፊስ የተባለውን የቢሮ ሥራ ፕሮግራም እጠቀማለሁ፣ ነገሩንም እወደዋለሁ። ብራሰልስ ላይ በየዓመቱ ስለሚደረገው፣ ፎስደም ስለተባለው የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ጉባኤ ሰምቼ ለመሄድ አስቤያለሁ። ባለሙያ ባለመሆኔ ከሰው መካከል ባዕድ እሆን ይሆን?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ይሂዱ። ፎስደም በጃንዋሪ መጨረሻ ወይም በፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ በብራሰልስ ነፃ ዩኒቨርሲቲ በሶልቦሽ ግቢ ይካሄዳል። መግቢያ አይከፈልም፣ ምዝገባም የለም፤ ማንም ማን እንደሆኑ ሳይጠይቅዎት በበሩ ይገባሉ። የሚወራውም በእንግሊዝኛ ነው። ሆኖም በሺዎች የሚቆጠር ሰው ስለሚመጣ ክፍሎቹ ቶሎ ይሞላሉ፤ አብዛኛው ንግግርም በቪዲዮ ስለሚቀረጽ፣ በየክፍሉ በር ላይ ከመሰለፍ ይልቅ የየፕሮጀክቱ ጠረጴዛ በተደረደረባቸው አዳራሾች ውስጥ ቢቆዩ ይሻላል ብዬ እመክራለሁ። እዚያ የሚጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች የሚሠሩትን ሰዎች ፊት ለፊት ያገኛሉ።

ባዕድ ስለመሆን ያነሡት ግን አሳስቦኛል፤ ምክንያቱም እርስዎ የያዙት እውቀት በዚያ ግቢ ውስጥ ብዙ ሰው የሌለው ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው፣ ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው፤ ከዚያ ወዲህ አቢሲኒካ ኤስአይኤልንና ኖቶን የመሳሰሉ በክፍት ፈቃድ የሚሰራጩ የፊደል ቅርጾች ተሠርተዋል፤ ሊብሬ ኦፊስም በአማርኛ ተተርጉሟል። ሆኖም ትርጉም የሚጎድለው ሁልጊዜ ነው፣ የሚታረመውም ብዙ ነው። «ፋይል» እንዳለ ይቀመጥ ወይስ ይተርጎም? አንድ ቃል በአንዱ ዝርዝር ላይ በአንድ መልክ፣ በሌላው ዝርዝር ላይ በሌላ መልክ ሲመጣ ተጠቃሚው ግራ ይጋባል፤ ይህን ቁጭ ብሎ የሚያስማማ፣ አማርኛን አጣርቶ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። አራት ነጥብ ወደሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ሲወርድ ወይም አንድ ፊደል ባዶ ሳጥን ሆኖ ሲታይ፣ ከነሥዕሉ ለአዘጋጆቹ ማሳወቅም ፕሮግራም ሳይጽፉ የሚሠራ እውነተኛ ሥራ ነው። የምታውቋቸው ሁለት ሦስት ኢትዮጵያውያን ካሉ በወር አንድ እሑድ ከቡና ጋር ተቀምጣችሁ አንድ ፕሮግራም ላይ ብትሠሩ፣ እርሱም ሙሉ ስብስብ ነው።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ የምጽፍ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በስብስባችን ላይ የአንዲት ጓደኛችን ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ስጭንላት የመመረቂያ ጽሑፏ ጠፋ። በጣም ተጸጽቻለሁ። የሚደረግ ነገር አለ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ላፕቶፑ ይዘጋ፤ ማንም አይሥራበት። የጠፋው ፋይል በላዩ ላይ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ በዲስኩ ላይ ሊኖር ይችላል። ከዚያ በፍላሽ በሚነሣ ሊኑክስ አስነሥተህ፣ ፎቶሬክ በተባለው የክፍት ምንጭ ፕሮግራም ፈልገው፤ ስሙ ፎቶ ቢልም የዎርድ ሰነዶችንም ያወጣል፤ የተገኘውን ግን በሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጠው። የተለመደው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ተስፋ አለ፤ ኤስኤስዲ የተባለው የማይሽከረከር ዲስክ ከሆነ ተስፋው ያነሰ ነው። እርሷም ጽሑፉን ለአማካሪዋ በኢሜይል ልካው እንደሆነ ጠይቃት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለህም በግልጽ ይቅርታ ጠይቃት።

ለወደፊቱ፣ ባለቤቱ ፋይሎቹ በሌላ ዲስክ ላይ መኖራቸውን ራሱ ከፍቶ እስኪያሳይህ ድረስ በማንም ኮምፒውተር ላይ ምንም አትጫን። ይዞ ካልመጣ በዚያ ቀን ከፍላሽ ብቻ አስነሥቶ ይሞክረው፤ በዚህ መንገድ ሲነሣ የመጫን ትእዛዝ እስካልተሰጠ ድረስ በዲስኩ ላይ ያለው አይነካም። ዊንዶውሱ ቢትሎከር የተባለው የዲስክ መቆለፊያ ያለበት ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉ አስቀድሞ ተጽፎ ይያዝ። የዲስክ ክፍፍል በሚቀየርበት ጊዜ መብራት ቢጠፋ የሚደርሰው ጉዳት ከባድ ስለሆነ፣ ባትሪው ያልሞላ ወይም ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ክፍፍሉን አትንካ፤ ለሚቀጥለው ወር ይቆይ።