ከባልንጀሮቻችሁ ጋር መጫወትን አትተዉ

ውድ ልጆቼ፣

በደሴ ከተማ በአእምሮ ጤና ሙያ ለረጅም ዓመታት ሳገለግል ካነጋገርኳቸው ወጣቶች ብዙዎቹ፣ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ እንደያዙ ከኑሯቸው አስቀድመው የሚቀንሱት ከጓደኞቻቸው ጋር መጫወትን ነው። ቁም ነገረኛ መሆን ከፉገራና ከሳቅ መራቅ ይመስላቸዋል፤ ጓደኝነታቸውም ቀስ በቀስ ጉዳይ ሲኖር ብቻ ወደሚደዋወሉበት ግንኙነት ይለወጣል። ይህ በጣም ያሳስበኛል።

የሳቅን ጠባይ ያጠናው አሜሪካዊው ሮበርት ፕሮቫይን፣ ሰው ብቻውን ሲሆን ከሚስቀው ይልቅ ከሰዎች ጋር ሲሆን 30 ጊዜ ያህል አብልጦ እንደሚስቅ፣ አብዛኛው ሳቅም ከተዋጣለት ቀልድ ሳይሆን ከተራ ወሬ እንደሚመጣ አሳይቷል። ከአቦል እስከ በረካ ቡና ላይ የተቀመጠ ወሎዬ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ በሌላው ጾም ሲቀልድ ቅር የማይሰኙት በበዓልም በለቅሶም ስለማይለያዩ ነው። የሚፎግረኝ ወዳጄ ጉድለቴን እያወቀ አብሮኝ እንዳለ ያረጋግጥልኛል፤ በእርሱ ፊት ራሴን መጠበቅ አያስፈልገኝም፤ ደስታውም የሚመነጨው ከዚህ እፎይታ ይመስለኛል።

ድንበር ግን አለው። ድህነትን፣ የሰውነት ጉድለትንና የሞተ ዘመድን አታንሱ። ሌሎቹ እየሳቁ የተነካው ሰው ዝም ካለ ጨዋታው አብቅቷል፤ ያን ጊዜ «ቀልዴን እኮ ነው» ማለት ይቅርታ አይሆንም።

ከ2014 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ደግሞ መሳቅን የሞቱባቸውን እንደ መርሳት የሚቆጥሩ ወጣቶች አጋጥመውኛል። እነዚህን ልጆች አልወቅሳቸውም። ነገር ግን በለቅሶ ቤት ከቀብር በኋላ ባሉት ቀናት፣ አመሻሹ ላይ አንድ ተጫዋች ሰው የሟቹን የደግ ዘመን ወግ አንሥቶ ሐዘንተኛውን ፈገግ ሲያሰኘው ሽማግሌዎቻችን ነውር አይሉትም፤ እንዲያውም እንዲህ ያለው ሰው እንዳይሄድባቸው ይለምኑታል። ከሐዘን ጋር አብሮ የኖረ ሕዝብ ይህን ያደረገው ሟቹን ንቆ አይደለም።

ስለዚህ ከመካከላችሁ መጫወት የተወ ጓደኛ ካለ ስልክ ብቻ አትደውሉለት፤ ቤቱ ሄዳችሁ ድሮ የምትበሻሸቁበትን ነገር አንሡ። ባይመልስላችሁም አትቀየሙት፣ ደግማችሁ ሂዱ። እንቅልፍና ምግብ እንቢ ብሎት ሳምንታት ካለፉ ግን ለብቻው አትተዉት፤ ወደ ጤና ተቋም አብራችሁት ሂዱ።