ጭቃ ቤቴን ላፍርሰው? የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ መሬት መንቀጥቀጥ

በአፋር ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው ተደጋጋሚ ርዕደ መሬት የአዲስ አበባን ሰው ሌሊት ከአልጋው አስነስቶታል። የአፍጋኒስታን ኩናር ተራሮች ዜናም ጭንቀቱን አብሶታል። ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከአቃቂና ከሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ከደረሱን ጥያቄዎች የሚመሳሰሉትን አጣምረን በግንባታና በአደጋ ጊዜ ሥራ ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎች እንዲመልሱ አድርገናል።

ከሱሉልታ፦ ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ኩናርን የመታው ርዕደ መሬት መጠኑ 6.0 ነበር። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. በእኛው አፋር የደረሰውም 6.0 ነው ተብሏል። እዚያ ከ2,200 በላይ ሰው አልቆ እዚህ ያን ያህል እልቂት ያልደረሰው ለምንድን ነው?

መጠኑ የሚነግረን ከመሬት ውስጥ የወጣውን ኃይል ነው። ሰው የሚሞተው ግን ጣሪያና ግድግዳ ሲወድቅበት ነው። የኩናር መንቀጥቀጥ ከምድር ገጽ 10 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ጥልቀት ላይ የተነሳ ነበር። ሰዓቱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው በመሆኑ ቤተሰብ ሁሉ ተኝቷል። ቤቶቹ በድንጋይና በጭቃ ተሠርተው ገደል ላይ ተደራርበው የተቀመጡ ናቸው። ጣሪያቸው በእንጨት ላይ የተደለደለ ወፍራም አፈር ነው። ግድግዳው ሲከፈት ያ ሁሉ ክብደት በተኛው ሰው ላይ ይወርዳል፤ አፈሩ ደግሞ መተንፈሻ ክፍተት አይተውም። በዚያ ላይ ናዳ መንገዱን ስለዘጋው የነፍስ አድን ሠራተኞች ወደ አንዳንድ መንደሮች በሄሊኮፕተር ለመሄድ ተገደዋል።

በፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ሕዝቡ ተራርቆ የሰፈረ ነው፤ የአርብቶ አደሩ ቤት ቀላል ነው። ቅልጥ አለት ከመሬት በታች እየሰነጠቀ ሲጓዝ መንቀጥቀጡ ለሳምንታት ስለተደጋገመም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከዋናው ምት በፊት ከአካባቢው ወጥቶ ነበር። ይህ ግን አገራችን አይነካትም ማለት አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ (የአዲስ አበባው ሳይሆን በደሴ መንገድ ላይ ያለው) መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አውድሟል፤ በ1961 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሰርዶ ፈርሳ ሰዎች ሞተዋል። ነሐሴ 1898 ዓ.ም. ከላንጋኖ በኩል የተነሳው ደግሞ አዲስ አበባን ክፉኛ አናውጧታል።

ከቡራዩ፦ ቤቴ ከባሕር ዛፍና ከጭቃ የተሠራ ነው። ጎረቤቶቼ «መንቀጥቀጥ ከመጣ መቃብርህ ነው፤ አፍርሰህ በብሎኬት ሥራ» ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ለማፍረስ አይቸኩሉ። ጎረቤቶችዎ ሁለት የተለያዩ ቤቶችን አንድ አድርገው ነው የሚያዩት። ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ዓ.ም. በሞሮኮ አትላስ ተራሮች ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው ያለቀበት መንቀጥቀጥ ያፈረሰው፣ አብዛኛውን፣ እንጨት የሌለበትን የጭቃ ጡብና የድንጋይ ግድግዳ ነው። የእርስዎ ቤት አጥንቱ እንጨት ነው። ቋሚውና ማገሩ ይዘውት እስከቆሙ ድረስ ጭቃው ቢሰነጠቅና ቢራገፍም ቤቱ ይወዛወዛል እንጂ ባንዴ አይደረመስም፤ የቆርቆሮው ጣሪያም ቀላል ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. የካሽሚር መንቀጥቀጥ ከ73,000 በላይ ሰው ከጨረሰ በኋላ የፓኪስታን መንግሥት በእንጨት አጥንት ላይ ድንጋይና ጭቃ የሚሞላበትን «ዳጂ ደዋሪ» የሚባል ነባር አሠራር ለመልሶ ግንባታ ፈቅዷል። ምክንያቱም በዙሪያው ያለው የድንጋይና የብሎኬት ቤት ሲወድቅ እሱ ቆሞ ተገኝቷል።

ጭቃ ቤት የሚከዳው እግሩ ላይ ነው። ቋሚው መሬት የሚነካበት ቦታ በእርጥበትና በምስጥ ይበሰብሳል፤ ልስኑ ስለሚሸፍነው አይታይም። ስለዚህ በአራቱም ማዕዘንና በበሩ ግራና ቀኝ ልስኑን ከመሬት እስከ 30 ሴ.ሜ. ከፍታ ያንሱና እንጨቱን በቢላዋ ጫፍ ይውጉት። ቢላዋው ያለ ብዙ ጉልበት ከ1 ሴ.ሜ. በላይ ከገባ ያ ቋሚ መቀየር አለበት። ሁሉንም በአንድ ቀን አይንቀሉ። ጣሪያውን በድጋፍ እንጨት ይዘው አንድ በአንድ ይተኩ። አዲሱ ቋሚ የደረቀና ቅርፊቱ የተላጠ ይሁን፤ የሚቀበረውን 60 ሴ.ሜ. እና ከመሬት በላይ ያለውን 20 ሴ.ሜ. የተቃጠለ ዘይት ደጋግመው ይቀቡት። ጉድጓዱን በጠጠር ይጠቅጥቁት እንጂ በአፈር ብቻ አይሙሉት፤ አፈር ውኃ ይይዛል።

ቀጥሎ ማዕዘኑን ይመልከቱ። ቋሚና ማገር ብቻ ያለው ግድግዳ ወደ ጎን ሲገፋ አራት ማዕዘኑ ይጋደላል። ይህን የሚከለክለው ከማዕዘኑ ሥር ተነስቶ ወደ ላይ በሰያፍ የሚሄድ እንጨት ነው፤ በእያንዳንዱ ማዕዘን በሁለቱም ግድግዳ ላይ አንድ አንድ ያድርጉ። ሚስማር ብቻውን ሲወዘወዝ ይነቀላል። ስለዚህ መጋጠሚያውን በሚስማር ከመቱ በኋላ በጥቁር ሽቦ ሦስት አራት ዙር ጠምጥመው በፒንሳ ያጥብቁት። ወራጁንም ከቋሚው አናት ጋር እንዲሁ በሽቦ ይሰሩት። በመጨረሻ ነፋስ ቆርቆሮውን እንዳያነሳው ብለው ጣሪያው ላይ የደረደሩት ድንጋይ ካለ ዛሬውኑ ያውርዱት። በከተማው ዳር በየሰፈሩ የምናየው ይህ ልማድ ቀላሉን ጣሪያ ገዳይ ያደርገዋል።

የብሎኬቱን ቤት በተመለከተ፣ ያልታሰረ ብሎኬት ከደህና ጭቃ ቤት የባሰ ነው። ባለ አንድ ወለል የብሎኬት ቤት እንዲይዝ ከመሠረቱ ላይ የሚሄድ የኮንክሪት ማሰሪያ (ግሬድ ቢም)፣ በየማዕዘኑና በየግድግዳው መገናኛ የኮንክሪት ቋሚ (ኮለን)፣ ከላይ ደግሞ ዙሪያውን ሳይቋረጥ የሚሄድ ማሰሪያ (ቶፕ ታይ ቢም) ያስፈልገዋል። ከእነዚህ አንዱ ከቀረ ግድግዳዎቹ ለየብቻቸው የቆሙ ናቸው። ለየአንዳንዱ 4 ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀለበት (ስታፋ) ባለ 6 ወይም ባለ 8 ሆኖ በየ15 ሴ.ሜ. መታሰሩ በተለምዶ ይሠራበታል፤ ትክክለኛውን መጠን ግን ቦታውን አይቶ የሚወስነው መሃንዲስ ነው።

ሥራው የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ፌሮ የሚያስረው ሠራተኛ (ፌራዮው) ስታፋውን በ90 ዲግሪ አጥፎ ይተወዋል። ኮለኑ ሲወዘወዝ የውጩ ኮንክሪት ይረግፍና ስታፋው ይከፈታል፤ ጫፉ ወደ ውስጥ፣ ወደ ኮንክሪቱ እምብርት በ135 ዲግሪ መታጠፍ አለበት። ኮለን የሚጎዳው ከላይና ከታች ጫፉ ላይ በመሆኑ እዚያ ስታፋው ወደ 10 ሴ.ሜ. ይጠጋጋ። የፌሮ ቅጥያ ቢያንስ 60 ሴ.ሜ. ይደራረብ፤ የሁሉም ፌሮ ቅጥያ አንድ ቦታ ላይ አይዋል። በማዕዘን ላይ የቢሙ ፌሮ ዞሮ ወደ ሌላው ግድግዳ ይግባ እንጂ እዚያው አይቆረጥ። በርና መስኮት ከማዕዘን ቢያንስ 60 ሴ.ሜ. ይራቁ።

ለኮንክሪቱ፣ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ (50 ኪ.ግ.) ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 18 ሴ.ሜ. በሆነ ሳጥን 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠርና ከ25 ሊትር የማይበልጥ ውኃ ይጠቀሙ። ሠራተኛ ለአካፋ እንዲቀልለው ውኃ ሲጨምር ዝም ብለው አይዩ፤ የሚጨምረው እያንዳንዱ ባልዲ የኮንክሪቱን ጉልበት ይሰርቃል። ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ እያጠጡ በጆንያ ይሸፍኑት። ገንዘብዎ ለዚህ ሁሉ የማይበቃ ከሆነ ጭቃ ቤትዎን አጠንክረው መቀመጥ ይሻላል፤ ይህን ስንል ለማጽናናት ብለን አይደለም።

ከኮዬ ፈጬ፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት ሕንፃው ሲወዛወዝ ሁላችንም በደረጃ ተሯሩጠን ወረድን። ልክ ነበርን?

አልነበራችሁም። መንቀጥቀጡ ሳይቆም ደረጃ ላይ መሆን አደገኛ ነው፤ በጨለማ ተገፋፍቶ መውደቅ አለ፣ ደረጃውም በሕንፃው ውስጥ ቶሎ ከሚጎዱት ክፍሎች አንዱ ነው። ባላችሁበት ክፍል ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብታችሁ እግሩን ያዙ። አልጋ ላይ ከሆናችሁ በሆዳችሁ ተኝታችሁ ራሳችሁንና ማጅራታችሁን በትራስ ሸፍኑ። ከመስኮት፣ ከበረንዳና ከቁምሳጥን ራቁ። ሲቆም ጫማ አድርጋችሁ፣ ቡታጋዙን ዘግታችሁ፣ የቆጣሪውን ብሬከር አውርዳችሁ ውረዱ፤ ከሕንፃውም ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ምክሩ የሚለወጠው ለምድር ቤት ነው፦ ከባድ ጣሪያ ባለው የድንጋይ ወይም ያልታሰረ የብሎኬት ቤት ውስጥ በሩ ጥቂት እርምጃ ላይ ከሆነ መውጣት ይመረጣል።

ላይኛው ፎቅ ይበልጥ የተወዛወዘው ከ130 እስከ 150 ኪ.ሜ. ርቀት የሚመጣው ሞገድ ረጅምና ዝግተኛ ስለሆነ ነው፤ ረጅም ሕንፃ ደግሞ በእንዲህ ያለው ሞገድ ይበልጥ ይወዛወዛል። መወዛወዙ ብቻውን የመፍረስ ምልክት አይደለም። በዚህ ሳምንት ቁምሳጥኑንና ቡፌውን በብረት ማዕዘንና በፊሸር ግድግዳው ላይ እሰሩ፤ ሕፃናት ከሚተኙበት በላይ ከባድ ዕቃ አትስቀሉ።

ከለገጣፎ፦ «ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ይመጣል» የሚል መልእክት በስልክ ይዞራል። እንመን?

አትመኑ። ቀንና ሰዓት ቆርጦ የሚተነብይ ሳይንስ የለም። በእርግጠኝነት የሚጠበቀው ከትልቅ ምት በኋላ የሚከተለው ተከታታይ ነው፤ በቀናት ውስጥ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ግን ላይቀንስ ይችላል። ኔፓል ሚያዝያ 17 ቀን 2007 ዓ.ም. በ7.8 ተመትታ 9,000 የሚጠጋ ሰው ከሞተባት ከ17 ቀን በኋላ 7.3 የሆነ ሌላ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። የተሰነጠቀ ቤት ውስጥ ዕቃ ለማውጣት መግባት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከአቃቂ፦ ግድግዳዬ ተሰንጥቋል። የመንቀጥቀጥ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በእናንተ በኩል ጥቁር አፈር ስላለ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። ክረምት የሚያብጥና በጋ የሚኮማተር አፈር የሚያመጣው ስንጥቅ ከወቅቱ ጋር ይከፈታል፣ ይዘጋል። በስንጥቁ ሁለት ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀኑን ይጻፉ፤ መሐሉን በጂፕሰም ቁራጭ ይለጥፉት። ጂፕሰሙ ከተሰበረ ወይም ስንጥቁ ምልክቱን ካለፈ እየሰፋ ነው። ፀጉር የመሰለ የልስን ስንጥቅ አያስፈራም። ኮለን ወይም ቢም ላይ የሚታይ ሰያፍ ስንጥቅ፣ በግድግዳ ላይ የ«ኤክስ» ቅርጽ፣ ፌሮ የሚያሳይ የረገፈ ኮንክሪት፣ አልዘጋ ያለ በር ካዩ ግን ቤቱን ለቀው መሃንዲስ ይጥሩ።

ከየካ አባዶ፣ የእድር ዳኛ፦ እድራችን ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አለው። ለዚህ ዓይነት አደጋ ምን ብንጨምር ይጠቅማል?

ከደረሱን ጥያቄዎች ይበልጥ ያስደሰተን ይህ ነው። በኔፓልም በአትላስም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አብዛኛውን ሰው በእጁ ቆፍሮ ያወጣው ጎረቤት ነው። እድር ድንኳንና የሰው ዝርዝር አለው፤ የሚጎድለው መሣሪያ ነው። 4 ዲጂኖ፣ 6 አካፋ፣ 4 ዶማ፣ 2 የእንጨትና 2 የብረት መጋዝ፣ 2 የመኪና ክሪክ፣ 30 ሜትር ወፍራም ገመድ፣ 2 ባሬላ፣ ወፍራም ጓንትና የግንባታ ቆብ ለ10 ሰው፣ የእጅ ባትሪና ፊሽካ ይግዙ። ዕቃውን በብሎኬት መጋዘን አይቆልፉት፤ መጋዘኑ ቢወድቅ አብሮ ይቀበራል። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ቁልፉ በሦስት ሰው እጅ ይሁን። ጸሐፊው በየቤቱ ስንት ሰው እንደሚያድር የሚያሳይ መዝገብ ይያዝ፤ ማን እንደጎደለ በደቂቃዎች የሚታወቀው በዚህ ነው።

ሲፈለግ ሁሉም ሰው ዝም ይበል፣ ሞተር ይጥፋ። አንድ ሰው ይጣራ፣ ከዚያ ለአንድ ደቂቃ ይደመጥ። ፍርስራሹ ከላይ ወደ ታች ይነሳ፤ ከሥር የተሳበ ድንጋይ የላዩን ያወርዳል። ክሪክ በከፍታችሁ ቁጥር ሥሩን በእንጨት ደግፉ። እግሩ ወይም ጭኑ ለሰዓታት የተጫነበትን ሰው በድንገት አትልቀቁት፤ ከተጨፈለቀው ሥጋ የሚወጣው መርዝ ልብንና ኩላሊትን ይመታል። ሐኪም ሊደርስ የሚችል ከሆነ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ እስኪተከልለት ይጠበቅ። እሳት ወይም ሌላ መደርመስ ካሰጋ ግን ማውጣት ይቀድማል። በአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ሰው ድንኳን ውስጥ ሲያድር ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር ያስቡ፤ በድንኳኖች መካከል ቢያንስ 2 ሜትር ይተው፣ ከሰልም ውስጥ አይግባ። ውኃ ለመጠጥም ለመታጠብም በቀን ለአንድ ሰው 15 ሊትር ይገመታል። መጸዳጃ ለ20 ሰው አንድ፣ ከውኃ ምንጭ 30 ሜትር የራቀ ይሁን።

ስለ አስከሬን የሚነገር አንድ ስህተት አለ፤ እድርን በቀጥታ ይመለከታል። በአደጋ የሞተ ሰው አስከሬን ወረርሽኝ አያመጣም። «በሽታ ይነሳል» ብሎ በጅምላ መቅበር ቤተሰብን ለዘላለም ያለ መቃብር ያስቀራል። ፊቱንና ልብሱን ፎቶ አንሱ፣ ቁጥር ስጡት፣ የተገኘበትን ቤት ጻፉ፣ ያለውን ዕቃ አብሮት አኑሩ፤ ማንነቱ ያልታወቀ ከሆነ ለየብቻ መቃብር በዚያው ቁጥር ቅበሩት። የሚያነሱት ሰዎች ጓንት ያድርጉ፣ ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ከገላን፦ ለተጎዱ ሰዎች አሮጌ ልብስ ሰብስበናል። ይጠቅማል?

ከልብስ በፊት መጠለያና ገንዘብ ይቀድማል። መንገድ በናዳ በተዘጋበት ተራራ ላይ ዕቃው በአህያና በበቅሎ ጀርባ ነው የሚደርሰው፤ ያልተለየ ልብስ የጭነት ቦታ ይሻማል። 4 በ6 ሜትር የሆነ ሸራ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት፣ ገመድ፣ ሚስማር፣ ብርድ ልብስ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሳሙና ብትልኩ ይበልጣል። ልብሱን መላክ ካለባችሁ የታጠበውን ብቻ በሕፃን፣ በሴትና በወንድ ለይታችሁ በጆንያው ላይ ጻፉበት።